ክረምቱን ጦሙን የከረመ ጓሮ፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?

ባሕር ዳር፦ መስከረም 18/2018 ዓ.ም

በዘመን አቆጣጠራችን ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። በእነዚህ ወራት አርሶ አደሩ ቀኑንና ጉልበቱን በጤፉ፣ በበቆሎውና በዳጉሳው ላይ ያውላል። የከተማው ነዋሪም ዝናቡና ጭቃው ከጓሮው ያርቁታል። ዝናቡ ጋብ ሲል በጓሮው የሚታየው ታዲያ ጎመን ሳይሆን ወገብ የሚደርስ አረም ነው። ብዙዎችም ይህን አይተው “ለከርሞ ይድረስ” ብለው ይተውታል።

ይሁን እንጂ ጓሮውን ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም፤ ጉድጓዶችና ምንጮችም ሞልተዋል። በአንጻሩ በደጋው አካባቢ ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ይመጣል፤ በጥርና በየካቲት ደግሞ ውኃው ይሸሻል። መስከረም 25 የተዘራ ቆስጣ እንክብካቤ ካገኘ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ለመጀመሪያ ቅጠል ይደርሳል። ይህም ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጋር ይገናኛል። አንድ ወር የዘገየ ሰው ግን የጾሙን ጎመን ከገበያ ይገዛል።

አረሙ ዘር ሳያራግፍ

የመጀመሪያው ሥራ ቁፋሮ ሳይሆን አረሙን ማጨድ ነው። ጨጎጎት፣ መጭና ሌሎችም አረሞች በዚህ ወቅት ያብባሉ፤ ጥቂት ከቆዩም ዘራቸውን ያራግፋሉ። ከአፈር የገባው ዘር ለዓመታት ሳይበሰብስ ተራውን እየጠበቀ ይበቅላል። ዘር ያልያዘውን አረም ለብስባሽ ማዋል ይቻላል፤ ዘር የያዘውን ግን ለይቶ ማድረቅና ማቃጠል ይገባል።

ሰርዶ ከሌሎቹ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሥሩ በዶማ ሲቆራረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላልና አንዱ ሰርዶ ብዙ ይሆናል። ስለዚህ አፈሩን በሹካ መሰል መቆፈሪያ አላልቶ ሥሩን ሳይበጥሱ መምዘዝና በፀሐይ ማድረቅ ይሻላል። አስተናግር መርዛማ ስለሆነ ልጆችና ከብቶች ሳይነኩት መወገድ አለበት። የቅንጨ አረምም ቆዳን ስለሚያሳክክ በባዶ እጅ አይነቀልም።

አፈሩ መቼ ይቆፈር?

እርጥብ አፈርን መቆፈር በተለይ በጥቁር ዋልካ መሬት ትልቅ ጥፋት ነው። ጭቃው ሲገለበጥና ሲረገጥ በፀሐይ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ የችግኝ ሥርም አያልፈውም። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ጭብጥ አፈር ጨብጦ በጣት ጫን ማለት ነው፤ ከተፈረፈረ ለቁፋሮ ደርሷል፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ግን ጥቂት ቀናት ይጠበቅ። ውኃ የተኛበት ጓሮ ከሆነ አስቀድሞ ቦይ አውጥቶ ማንጣፈፍ ያስፈልጋል።

መደቡ ወርዱ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ከሁለቱም ጎን እጅ ይደርሳልና መሬቱን መርገጥ አያሻም።

ዝናቡ የወሰደውን መመለስ

ከባድ ዝናብ የአፈሩን ናይትሮጅን ከሥር በታች አጥቦ ይወስዳል። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ የሚቀጭጩ አትክልቶች ብዙውን ጊዜ የዚህ ማስረጃ ናቸው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም በደንብ የበሰለ ብስባሽ ከላይኛው አፈር ጋር መቀላቀል ይህን ጉድለት ለመሙላት ያግዛል።

ያልበሰለ ፍግ ግን የችግኝን ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ይዞ ይመጣል። በተለይ ጥሬውን በሚበላ እንደ ሰላጣና ካሮት ባለ አትክልት ላይ ጥሬ ፍግ ከገባ እስከ መሰብሰቢያው ቢያንስ 4 ወር መቆየት አለበት።

የምድጃ አመድ የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል፤ ፖታሲየምም ይሰጣል። አሲዳማ አፈር በሚበዛባቸው እንደ አዊና ምዕራብ ጎጃም ባሉ አካባቢዎች በመጠኑ ቢነሰነስ ይጠቅማል። ከዩሪያ ጋር ግን አይደባለቅ፤ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ በአየር ይጠፋል።

አምና የቀረ በሽታ

በጓሮው ሳይተክሉት የበቀለ ድንች ወይም ቲማቲም ሲያዩ “ሲሳይ ነው” ብሎ መተው ያጓጓል። ይሁን እንጂ በክረምት የድንችንና የቲማቲምን ቅጠል እያጠቆረ የሚያደርቀው በሽታ ከወቅት ወደ ወቅት የሚሸጋገረው በእነዚሁ ቅሪቶች ነው። መነቀል አለባቸው።

ሳይደርቅ በድንገት የጠወለገ ተክል ከተገኘ ደግሞ ግንዱን ከሥሩ በላይ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ከቁራጩ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ጠንቁ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። በዚያ መደብ ለበርካታ ዓመታት ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይተከሉም፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸውና። ቦታውን ለጎመን፣ ለሽንኩርት ወይም ለካሮት መስጠት ይበጃል።

ከመዝራት በፊት

የቆየ ዘር ካለ መጀመሪያ ይፈተን። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና በየቀኑ ማርጠብ በቂ ነው። በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ወደ 80 የሚጠጋው ካቆጠቆጠ ዘሩ ደኅና ነው። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ስለሚያረጅ የአምናውን አምኖ መደብ ሙሉ መዝራት ለኪሳራ ይዳርጋል።

ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ በመደቡ ይዘራሉ። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በችግኝ መደብ ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ሽንኩርት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያሉ። ጥቅል ጎመን ሲዛወር በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ይተውለታል። ሽንኩርት ከተዛወረ በኋላ ተጨማሪ ከ3 እስከ 4 ወር ውኃ ይፈልጋል። የየካቲት ውኃው አስተማማኝ ያልሆነ ሰው ቶሎ በሚደርሱት ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

የከተማ ነዋሪዎችም አንድ ነገር ሊዘነጉ አይገባም። ክረምቱን የጎርፍ ወይም የፍሳሽ ውኃ ያለፈበት ጓሮ በመጀመሪያው ወቅት ጥሬ ለሚበላ አትክልት አይሆንም፤ ተቀቅሎ በሚበላው ይጀመር። ከጎርፉ ጋር የመጣ ጠርሙስና ብረትም በእጅ ከመሥራት በፊት ይለቀም።

ጓሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልጸዳ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሁለት መደብ በሚገባ ተሠርቶ የቀረው ታጭዶ በሣር ቢሸፈን አረሙ ይታፈናል፤ እርጥበቱም ይቆያል። ጉልበት ሲገኝ ሦስተኛው መደብ ይከተላል። ያልተለመደ በሽታ ያጋጠመው ሰው ደግሞ የታመመውን ተክል ይዞ በአቅራቢያው የሚገኘውን የግብርና ባለሙያ ቢያማክር፣ የማያስፈልግ መድኃኒት ከመግዛት ይድናል።