የእስቴ ባቄላና ስሙ የማይታወቀው ቀረጥ

በእስቴ ወረዳ መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ባቄላ የሚሰበስብ ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው ከመጨረሻው ገበያ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቀነሰ ነው። በሱዳን ድንበር መተማ ላይ ኩንታሉ ስንት ያወጣል? ከዚያ ላይ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የኮቴ ይነሣል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። የማይታወቀው በደብረ ታቦር፣ በወረታና በጎንደር አድርጎ እስኪዘልቅ ስንት ቦታ የኬላ ገመድ እንደሚዘረጋበትና ደረሰኝ የሚቆርጠው የትኛው እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ብሎ ከኩንታሉ ላይ የሆነ ብር ይይዛል። ያ ብር የሚጎድለው ከነጋዴው ትርፍ ሳይሆን ከገበሬው እጅ ነው።

ጄምስ አንደርሰንና ዳግላስ ማርኩዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የተቋማት ድክመት በአገሮች ንግድ ላይ እንደ ስውር ቀረጥ እንደሚከብድ አሳይተዋል። እኔ ከቀረጥም ይከፋል ባይ ነኝ፤ ቀረጥ ቢያንስ ልኩ ይታወቃል፣ ግምጃ ቤትም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሲሜዮን ጃንኮቭና ባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ዕቃ መርከብ ላይ ሳይጫን በዘገየ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቀን ንግዱ ከ1 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ይገምታል።

ሕግ ባልደረሰበት ቦታ ነጋዴ በዝምድናና በትውውቅ ይሠራል። ለድንበር ማዶ ደንበኛው በዱቤ የሚሰጠው ቢካድ የሚከስበት ስላለው ሳይሆን የሰውየውን ቤተሰብ ስለሚያውቅ ነው። ሥራው ይሄዳል፤ ግን ከሚያውቃቸው ሰዎች ቁጥር በላይ አያድግም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ብዙ ባቄላ የሚገዛን ጎረቤት ትቶ አዲስ ገዢ መፈለግ የከበደውም በከፊል ለዚህ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በነጋዴው ላይ ካለው ሸክም የራሱን ድርሻ አቃልሏል። በ2014 ዓ.ም. ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ 70 በመቶው ለባንኩ ገቢ እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ግዴታው ቀረ፣ ምንዛሪውም በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ሆኖም የመንገዱን ገመድ አያነሣም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከታተመበት ከ1916 ዓ.ም. ወዲህ ስለ አገር ውስጥ ኬላ የሚደረገው ክርክር ብዙም አልተለወጠም።

መነሻው ላይ አንዴ የተከፈለበት ደረሰኝ እስከ ድንበር ቢከበር ግማሹ ችግር በተቃለለ ነበር። ያኔ ከኬላ ገቢ የለመዱ ወረዳዎች የበጀት ጉድለታቸውን በምን ይሞላሉ? ጥያቄው ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ ነው።