አሮጌው ሊስተር እና ጋሪው

በእንግሊዝ ገጠር የቆየ የእርሻ ግቢ ሲሸጥ ወይም ሲጸዳ፣ ከጎተራው ጀርባ ሳማና ቁጥቋጦ ከዋጠው ጥግ ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ ይወጣል። ዝገት የለበሰ ብረት ነው። በጎኑ ትልቅ መዘውር፣ በአናቱ ደግሞ ክፍት የውሃ ገንዳ አለው። ለማያውቀው ሰው በኪሎ የሚሸጥ ውራጅ ብረት ይመስላል። ለሚያውቀው ግን በዘመኑ ከጉድጓድ ውሃ የሳበ፣ ለከብት ገለባ የከተፈ፣ የላም ማለቢያና የበግ መሸለቻ ያንቀሳቀሰ፣ ሲመሽም ለቤቱ መብራት የሰጠ ሞተር ነው።

በብሪታንያ ከእነዚህ ሞተሮች በብዛት የሚገኘው ሊስተር ዲ የተባለው ነው። የሠራው ሮበርት አሽተን ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ደርስሊ በምትባል የግሎስተርሻየር ትንሽ ከተማ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። ዲ የተባለው ሞዴል በ1926 ለገበያ ቀረበ፤ አርባ ዓመት ገደማም ከምርት ሳይወጣ ቆይቶ 250,000 ያህል ተሠራ። መጀመሪያ ሲወጣ በደቂቃ 700 ዙር እየዞረ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ከአንዲት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ጋር ቢነጻጸር ይህ ምንም አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ውሃ በባልዲ ለሚቀዳበትና ገለባ በእጅ ለሚከተፍበት ቤት ትልቅ እፎይታ ነበር።

መብራት ኃይል ገጠር ባልደረሰበት ዘመን ገበሬው ኃይሉን ከራሱ ግቢ ማውጣት ነበረበት። በአሜሪካ እንኳ በ1930ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሪክ መስመር የገባላቸው እርሻዎች ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው አገር ጆን ዲር ኢ የተባለውን ሞተር ከ1923 እስከ 1946 ሲያመርት የቆየው ለእንዲህ ያለው ገበሬ ነው። መስመሩ ሲዘረጋ ሞተሮቹ ባንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለውራጅ ብረት ተሰበሰቡ፤ የተረፉት ከጎተራ ጀርባ ተረስተው ቀሩ።

የዛሬው አዳሽ እንዲህ ያለውን ሞተር ሲያገኝ እጁ ቶሎ ወደ ማስነሻው ማኖቬላ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አጥብቀው የሚከለክሉት ይህንኑ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ የአይጥ ጎጆ፣ የረጋ ዘይትና ዝገት ሊኖር ይችላል። የተጣበቀ ቫልቭ እያለ በኃይል ማዞር የቫልቩን ዘንግ ያጎብጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል፤ የነሐስ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ሲፈታ ከየት እንደወጣ በተጻፈበት ከረጢት ይቀመጣል። ቁጥሩ ሞተሩ የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ ዋናው ፍንጭ ነው፤ ሰሌዳውን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ያጠፋ ሰው የሞተሩን የልደት ወረቀት ቀደደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ስንጥቅ ነው። የአውሮፓ ክረምት ለእነዚህ ሞተሮች ዋና ጠላት ነበር። ገበሬው ማታ ውሃውን ሳያፈስ ከተኛና ሌሊቱ ከበረደ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጊዛ የሚባለው ቅልጥ ብረት ደግሞ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የውሃ ገንዳው ውጫዊ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ። ጎበዝ ባለሙያ ጊዛውን ቀስ ብሎ አሙቆ በነሐስ ይበይደዋል፤ ወይም ያለ እሳት በብረት ስፌት ይይዘዋል። ስንጥቁ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ግድግዳ ከነካ ግን ሥራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የእጅ ባትሪ ይዞ ገንዳው ውስጥ መመልከት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የተጣበቀ ፒስተን የትዕግሥት ፈተና ነው። ጭስ ማውጫው ክፍት ሆኖ ዝናብ ሲገባበት የኖረ ሞተር የፒስተን ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። አንዳንዱ አዳሽ ሲሊንደሩን ናፍጣ ሞልቶ ለሳምንታት ይተወዋል። ሌላው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትን ከአሴቶን ጋር እኩል ቀላቅሎ ያፈስበታል፤ ይህ ቅልቅል በቀጭን ክፍተት ጥሩ ሰርጎ ይገባል፣ በቀላሉ ስለሚነድ ግን ከእሳት መራቅ አለበት። ከዚያ በፒስተኑ አናት ላይ ጠንካራ የእንጨት ግንድ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት ይመጣል። የሚፈለገው ብዙ ትናንሽ ምት እንጂ አንድ ትልቅ ምት አይደለም። እምቢ ሲል ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸው ተረጋግጦ በካንዴላው ቀዳዳ ግራሶ በእጅ ፓምፕ ይሞላል፤ ግፊቱ ፒስተኑን ቀስ በቀስ ይገፋዋል። ይህ ዘዴ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ የተሰነጠቀ ወይም የሳሳ ጊዛ ላይ አይሞከርም። መጨረሻ ላይ ፒስተኑ በሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ቀጭን ጩኸት አዳሾች ከዓመት ዓመት የሚያወሩት ነው። እውነትም የሥራው ግማሽ ያኔ ያልቃል።

ፒስተኑ ተፈቶ ሞተሩ ዝም ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔቶው ላይ ነው። እነዚህ ሞተሮች ባትሪ የላቸውም። ማግኔቶው መግነጢስና የሽቦ ጥቅልል ይዞ ሞተሩ ሲዞር የራሱን ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፕላቲናው በትክክለኛው ቅጽበት ሲከፈት ከፍተኛ ቮልቴጅ ተፈጥሮ በካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይወጣል። ከዘመን ብዛት መግነጢሱ ይዳከማል፤ በጥቅልሉ ሽቦዎች መካከል ያለው መከላከያ ይበሰብሳል፤ ከወረቀት የተሠራው ኮንደንሰር እርጥበት ጠጥቶ ይሞታል። ፕላቲናውን በቀጭን ሞረድ ማጽዳትና ክፍተቱን ወደ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊ ሜትር መመለስ አንዳንዱን ሞተር ያስነሳዋል። ኮንደንሰሩን በአዲስ መተካት ደግሞ ብዙዎቹን። ጥቅልሉ ከተቃጠለ እንደገና ለሚጠቀልል ባለሙያ መላክ ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ሌላው ሥራ ማንኛውም የጋራዥ ሰው የሚያውቀው ነው። ቫልቮቹ በአሸዋማ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር ይፋጫሉ፤ ጋርኒሶኑ ይለወጣል፤ ካርቡሬተሩ ይታጠባል፤ የቢየላው ብሮንዚና ልቅነት ይለካል። የዛሬው ቤንዚን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ በየማደያው የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አሮጌውን የላስቲክና የቡሽ ማሸጊያም ያበላሻል። ስለዚህ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ታንኩን ባዶ ማድረግ ይመረጣል።

ለዝገቱ ብዙዎች የሚመርጡት ኤሌክትሮሊሲስን ነው። ሶዳ አሽ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው ያው ሶዳ አሽ ማለት ነው። የዛገው ዕቃ ከባትሪ ቻርጀር ኔጋቲቭ ጋር፣ አንድ ተራ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። በማግስቱ ዝገቱ በብሩሽ ይለቃል፤ ጤነኛው ብረት አይነካም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቃል። በሥራው ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ ቦታው አየር የሚገባበት መሆን አለበት። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ማንጠልጠልም ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል። የድሮ ቀለም እርሳስ፣ የድሮ ጋርኒሶን ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ሁለቱንም በደረቁ ፈግፍጎ አቧራውን መተንፈስ ሳንባን አሳልፎ መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ አዳሾችን የሚያከራክረው ጉዳይ ይመጣል። ሊስተር ዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነበር፤ እንደ አዲስ ተቀብቶ ሲያበራ ያምራል። ሌሎች ግን የቀረውን ቀለም በዘይት እያሹ እንዳለ ማቆየት ይሻላል ይላሉ። የገበሬው እጅ ዘወትር አርፎበት የተላጨው ቦታ፣ አንጥረኛ በችኮላ የበየደው ጥገና፣ በብሩሽ የተጻፈው የእርሻው ስም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የሁለተኞቹ ክርክር ይበልጥ ያሳምናል። ቀለም ነገም ይቀባል፤ የ1926 ቀለም ግን ነገ አይገኝም። ጊዛው ራቁቱን ሆኖ በዝገት የተበላ ከሆነ ብቻ መቀባቱ ግዴታ ይሆናል።

ሞተሩ በዚህ ብቻ አያልቅም፤ ጋሪ ይፈልጋል። ሊስተር ዲ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ገበሬው ጠዋት ጉድጓዱ ዘንድ፣ ከሰዓት መጋዙ ዘንድ ይፈልገው ስለነበር ብዙዎቹ የብረት ጎማ ባለው ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ተጭነው ይዞሩ ነበር። የብዙዎቹ ጋሪ እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፤ አዳሹ ከባዶ መሥራት ይኖርበታል። ብዙ ሰው ለሞተሩ ወራት አውጥቶ ጋሪውን በአንድ ቅዳሜ ከተገኘ ሳንቃ ያገጣጥመዋል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ ጋሪው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም ከነሞተሩ መሬት ላይ እየተራመደ ይሄዳል።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። አንድ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ሲወረወር ኮሎው ላይ ያለው ማመዛዘኛ ክብደት ጉልበቱን በከፊል ብቻ ነው የሚያጠፋው። የተረፈውን የሚሸከመው ጋሪው ነው። ስለዚህ ዋነኞቹ ሁለት ተሸካሚ አግዳሚዎች ወፍራምና ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው። በእንግሊዝ የሚመረጠው ኦክ ነው፤ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ እንደ ብረት ፍሬም ንዝረቱን አያጮኸውም። እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆን ይኖርበታል። እርጥብ እንጨት ቆይቶ ሲኮማተር ብሎኖቹ ይላላሉ፤ የላላ ብሎን ደግሞ የሞተሩን እግር ይሰብራል። ብሎኑ ከላይ እስከ ታች አልፎ ከሥሩ ሰፊ የብረት ሳህን ይደረግለታል፤ አለዚያ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይሰምጣል።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ቦታ በዓይን ግምት አይወሰንም። መዘውሩ ያለበት ጎን ይከብዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ ሳይታሰር ተጭኖ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ፣ አራቱም ጎማዎች እኩል የሚሸከሙበት ነጥብ ይፈለጋል። ወደሚነዳው ማሽን የሚሄደው ቺንጋ ሲወጠር ሞተሩን ወደ አንድ ጎን እንደሚስበው፣ ማኖቬላውን የሚያዞረው ሰው ጉልበቱ ከጋሪው ጠርዝ ጋር እንዳይጋጭ፣ የማርሚታው ጭስ ወደ ነዳጁ ታንክ እንዳይዞር አብሮ ይታሰባል። ጎማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከተጣለ የእርሻ መሣሪያ ወይም ከድሮ ተንቀሳቃሽ የዶሮ ቤት የተፈቱ የጊዛ ጎማዎች ናቸው። የፊተኛው አክሰል መሐሉ ላይ ባለ አንድ ወፍራም ፒን ይዞራል፤ ሲታጠፍ ጎማው አግዳሚውን እንዳይነካ ክፍተቱ አስቀድሞ ይለካል። መጎተቻው እጀታ ሲጎተት ተረከዝ የማይመታበት ያህል ይረዝማል። ፍሬን የለውምና ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ከኋላ ይይዘዋል፤ ሲቆም ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ሽብልቅ ይገባል።

ማስነሳቱም ሥርዓት አለው። ውሃውና ዘይቱ ይሞላል፤ ነዳጁ ይከፈታል፤ ማኖቬላውን የሚይዝ ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያደርጋል። ብልጭታው ከጊዜው ከቀደመ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ማኖቬላውን በአውራ ጣቱ ቆልፎ የያዘ ሰው እጁ ሊሰበር ይችላል።

የተነሱት ሞተሮች የሚታዩባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ ቼሻየር ፖይንተን ያለው የአንሰን ሞተር ሙዚየም፣ በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ደግሞ የኩልስፕሪንግ ሙዚየም የድሮ ሞተሮችን እያስነሱ ያሳያሉ። በአዮዋ ማውንት ፕሌዛንት ከተማ ከ1950 ጀምሮ የድሮ የእርሻ መሣሪያ ባለቤቶች በዓመት አንዴ ይሰበሰባሉ። እዚያ ጎብኚውን የሚያስገርሙት ብዙዎቹ የአሜሪካ ሞተሮች ናቸው። የሞተሩ ፍጥነት በቂ ሲሆን መቆጣጠሪያው የጭሱን ቫልቭ ከፍቶ ይይዘዋል፤ ሞተሩም ነዳጅ ሳይጠጣ በመዘውሩ ጉልበት ብቻ ይዞራል። ሲደክም ቫልቩ ይለቀቅና አንዴ ይተኩሳል፤ ከዚያ እንደገና በዝምታ ይንከባለላል።

የደርስሊው ፋብሪካ ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ ሌላ ትርጉም አለው። ኩባንያው በ1929 ሲኤስ የተባለውን ቀርፋፋ የናፍጣ ሞተር አወጣ። ባለ 5 ፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 600፣ ባለ 6ቱ 650 ዙር ብቻ ይዞራል። ሞዴሉ በብሪታንያ እስከ 1980ዎቹ ሲሠራ ቆየ፤ በሕንድ ጉጃራት ራጅኮት ከተማ ያሉ ፋብሪካዎች አስመስለው በብዛት ሠሩት፤ ወደ አፍሪካም ላኩት። በአገራችንም በየገጠር ከተማው ወፍጮ ቤት እንዲህ ያሉ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች በበርሜል ውሃ እየቀዘቀዙ ጤፍና በቆሎ ሲፈጩ ኖረዋል። ሕፃን ሆኖ እህል ተሸክሞ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ድምፃቸውን ያውቃል።

የኤሌክትሪክ ወፍጮ በመጣበት ቦታ እነዚህ ሞተሮች ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እየተጣሉ ነው። እንግሊዞቹ ዛሬ በውድ የሚፈልጉትን ዕውቀት፣ ማለትም ፋሻ ለክቶ መቀየር፣ ጊዛ መበየድ፣ ብሮንዚና በቶርኖ አስተካክሎ መግጠም፣ የእኛ የወፍጮ ቤት መካኒኮች በየዕለቱ ሲሠሩት የኖሩት ነው። ከሠሩባቸው ሞተሮች ጥቂቶቹን ጋሪ ላይ አውጥቶ በየክልሉ ሙዚየም እየተነሱ እንዲታዩ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስነሥተው የሚያሳዩት ባለሙያዎችም ገና በመካከላችን አሉ። የቆመ ሞተር ያለው ባለ ወፍጮም እስከዚያ ሦስት ቀላል ነገር ቢያደርግ ይበቃል። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ያፍስስ፤ የጭስ ማውጫውን አፍ ዝናብ እንዳይገባ በቆርቆሮ ይክደን፤ ፒስተኑ እንዳይጣበቅ በካንዴላ ፈንታ ባለው የናፍጣ መርጫው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ መዘውሩን በየወሩ በእጁ ያዙር።