ጓያ የያዘው እግር ለምን ይገተራል?

በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ደጋዎች ክረምቱ ወጥቶ በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚዘራው ጓያ ድርቅንም፣ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈርም የሚችል እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ አይከዳም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በክፉ ዘመን ገበሬው ለሁለት ለሦስት ወር ከጓያ በቀር የሚበላው ሲያጣ፣ ከበሉት መካከል አንዳንዶቹ፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ እግራቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰው የያዘው ይኸው በሽታ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ከልምሻ ጋር ሊያምታታው ይችላል፤ ሁለቱም እግር ይነሳሉ፣ ሁለቱም ምርኩዝ ያስይዛሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ተቃራኒ ናቸው። ልምሻ የመታው እግር ይዝላል፣ ይቀጥናል፣ ከፍ አድርገው ቢለቁት ይወድቃል። ጓያ የያዘው እግር ይገተራል፤ ጭኖቹ እርስ በርስ ይሳባሉ፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ አንዱን እግር በሌላው ፊት እያቆላለፈ ይሄዳል። ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ቢያደርግ የልምሻው እግር ዝም ይላል፤ የጓያው ከጤነኛ እግር በበለጠ ኃይል ይፈናጠራል።

ስለ አንጎል በትምህርት ቤት የሰማነው ታሪክ ይህን ልዩነት አያስረዳም። በዚያ ታሪክ አንጎል አዛዥ ነው፤ ነርቮች መልእክት ያደርሳሉ፣ ጡንቻዎች ይታዘዛሉ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሥመሩ ከላይ ቢቋረጥም ከታች ቢቋረጥም ውጤቱ አንድ ይሆን ነበር፤ እግሩ ይዝል ነበር። ሁለቱ እግሮች የሚመሰክሩት ሌላ ነው። የነርቭ ሥርዓት የማዘዝን ያህል የመከልከል ሥራ አለበት፤ ከአንጎል ወደ ታች ከሚወርደው መልእክት ከፊሉ «ተንቀሳቀስ» ሳይሆን «ቆይ» የሚል ነው።

ይህን ለማየት የአካሉን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ሰው አርፎ ሳለ ከሚያቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ብራዚላዊቷ ተመራማሪ ሱዛና ሄርኩላኖ ሁዜልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ቆጠራ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት።  ከአንጎል ሥር ግንደ አንጎል አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ህብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ወገብ ላይ ያበቃል፤ ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡለታል። እግርን በፈቃድ ለማንቀሳቀስ ቢያንስ ሁለት ሕዋስ ይቀባበላል። የላይኛው ሕዋስ አካሉ በአንጎል የላይ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ክር በግንደ አንጎል በኩል ይወርዳል፤ ከነዚህ ክሮች ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጉት ግንደ አንጎል ሊያበቃ ሲል ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግረው ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባሉ። የቀኝ አንጎል ጉዳት ግራ እጅን የሚያሰንፈው ለዚህ ነው። የታችኛው ሕዋስ አካል በህብለ ሰረሰሩ የፊት ክፍል ይቀመጣል፤ ክሩም ወጥቶ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። የፖሊዮ ቫይረስ የሚገድለው የታችኛውን ነው፤ ልምሻ የሚባለውም ይኸው ነው። በጓያ ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀው መርዝ ግን የሚያጠቃው የላይኛውን ነው። መርዙ ነርቮች እርስ በርስ ለመቀሳቀስ ከሚጠቀሙበት ግሉታሜት ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ስለሚመሳሰል ሕዋሱን ያለ ልክ እየቀሰቀሰ ይጎዳዋል ተብሎ ይታመናል። በብዛት የሚጎዱት ረጃጅሞቹ፣ ወደ እግር የሚወርዱት ናቸው፤ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ አእምሮም አይነካም።

እንግዲህ የላይኛው ሕዋስ ሲሞት እግሩ ለምን ይገተራል? መልሱ ያለው በህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ ህብለ ሰረሰር ተራ ገመድ አይደለም። በመዶሻ የተመታው ጅማት ጡንቻውን ይስበዋል፤ መሳቡን የሚያውቀው የስሜት ነርቭ ወሬውን ወደ ህብለ ሰረሰር ያደርሳል፤ እዚያው የታችኛውን ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል፤ እግሩም ይዘረጋል። ወሬው አንጎል ዘንድ የሚደርሰው እግሩ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። ሕፃን ሲወለድ ደግፈው እግሩን መሬት ቢያስነኩት የመራመድ ምልክት ያሳያል፤ የውስጥ እግሩን ቢፍቁት አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቀናል። ከአንጎል የሚወርዱት ክሮች ገና መሸፈኛቸውን አልለበሱምና ከላይ የሚገታው የለም። ክሮቹ ሲበስሉ ጣቱ ወደ ላይ መቅናቱን ይተዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የላይኛው መሥመር በተጎዳባቸው አዋቂዎች ላይ ይህ የሕፃንነት ምልክት ተመልሶ እንደሚመጣ አሳየ። ጓያ በያዛቸው ሰዎች ላይም ይታያል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1898 የድመትን ግንደ አንጎል ከላይኛው አንጎል ሲለይ እግሮቿ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ደረቁ። ቶማስ ግራሃም ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ከአንጎል የተለየ የድመት ህብለ ሰረሰር ከእግር ምንም ስሜት ሳይደርሰው የእርምጃን ምት በራሱ ማውጣት እንደሚችል አረጋገጠ። አንጎል ያን ጊዜ እንደ ልጓም ነው ማለት ይቻላል፤ የሚሄደው ፈረስ ሌላ ነው።

መከልከሉ ከላይ ብቻ የሚመጣም አይደለም። አንድ ክንድ እንዲታጠፍ የፊት ጡንቻው ሲኮማተር የኋላው መላላት አለበት፤ ሸሪንግተን ይህ መላላት ራሱን የቻለ፣ በህብለ ሰረሰር ውስጥ የሚፈጸም የክልከላ ሥራ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ያሰማው ንግግር ርእስም ክልከላ ነበር። ይህ ሥራ ሲቆም ምን እንደሚመጣ መንጋጋ ቆልፍ ይነግረናል። በቁስል የገባው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ በነርቩ ክር ሽቅብ ወጥቶ ህብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ እዚያም ከልካይ ሕዋሳቱ መልእክታቸውን እንዳይለቁ ያደርጋል። ጡንቻው አልተነካም፣ የታችኛው ሕዋስም አልሞተም፤ የጠፋው «ቆይ» ባይ ብቻ ነው። በሽተኛው መንጋጋው ይቆለፋል፣ ጀርባው ይለጠጣል፣ በር ሲንኳኳ እንኳ ሰውነቱ በሙሉ ይደርቃል።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል። ከተጎዳ አካል ተነስቶ ስለ ጤነኛው መናገር ያሳስታል፤ አንድ ክፍል ሲጠፋ አንድ ሥራ ስለቆመ ብቻ ሥራው የዚያ ክፍል ነበር ማለት አይቻልም። እውነት ነው። ነገር ግን የለንደኑ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳመለከተው፣ ከጉዳት በኋላ የሚጎድል ነገርና የሚጨመር ነገር አንድ አይደሉም። የሞተ ሕዋስ ምንም አይሠራም፤ ስለዚህ መገተሩንና መፈናጠሩን የሚያመጣው የተረፈው ክፍል ነው፤ የሞተው ሲገታው የኖረ ነው። መርዙ አሁንም እየቀሰቀሰ ቢሆንስ የሚል ካለ፣ ሰውየው ጓያ መብላት ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም እግሩ እንደተገተረ መኖሩ መልስ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሎውረንስና ካይፐርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 በዝንጀሮዎች ላይ ከላይ የገለጽኩትን ቀጥተኛ መሥመር ብቻ በሁለቱም ጎን ሲቆርጡ፣ እንስሳቱ ከጊዜ በኋላ ተራመዱ፣ ዘለሉ፣ ወጡ፤ ያጡት ጣቶቻቸውን ለየብቻ የማንቀሳቀስ ብልሃትን ነው። ስለዚህ ያ ቀጥተኛ መሥመር ዋና ሥራው በእርግጥ ማዘዝ፣ ያውም የረቀቀ ትእዛዝ ማውረድ ነው፤ ክልከላው በአብዛኛው የሚመጣው የአንጎል ንጣፍ በግንደ አንጎል ባሉ ሌሎች ማእከላት በኩል በሚልካቸው መንገዶች ነው፤ ጉዳቱ እነዚህንም ሲነካ ግትርነት ይከተላል። ይህ ሐሳቤን ያርመዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ገቺው ከአንድ ገመድ ይልቅ ብዙ እርከን ያለው ነው። የድመቷም ነገር ለሰው በልኩ መወሰድ አለበት፤ ህብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሰው በራሱ አይራመድም፤ በሁለት እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ ከአንጎል ብዙ ይጠይቃልና። ንግግርም ቢሆን፣ ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 እንዳሳየው፣ የፊተኛው ግራ አንጎል አንድ ቦታ ሲጎዳ ይጠፋል እንጂ ተለቆ አይፈስም። አንጎል አያዝም ያለ የለም።

ክልከላ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ በሕክምናውም ይታያል። የሞተውን የላይኛ ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ባክሎፌን የተባለው ግን ጋባ የሚባለውን የነርቮችን የክልከላ ንጥረ ነገር እየመሰለ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ቦታውን ይተካል፤ የተገተረ ጡንቻም ይለቃል። መጠኑ ሲበዛ አዲስ ችግር ይመጣል። በላይኛው ሕዋስ መሞት የደከመ እግር ብዙ ጊዜ ሰውየውን የሚያቆመው በግትርነቱ ነው፤ ግትርነቱ ሲሟሽሽ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በትንሹ ይጀምራል፤ መጠኑን በጨመረ ቁጥርም ሰውየውን አስነስቶ ምርኩዙን አስይዞ ያስኬደዋል፤ እግሩ መታጠፍ ከጀመረና መሸከም ካቃተው ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል።