ቬክተር፦ መደመርን እንደ አዲስ

ከሒሳብ ርዕሶች ሁሉ እንደ ቬክተር የተበደለ ያለ አይመስለኝም። ተማሪው ገና በለጋነቱ ያገኘዋል፤ አንድ መስመር ብያኔ ይሸመድዳል፤ ጥቂት ቀስቶች ይስላል፤ ፈተናው ሲያልፍ ቀስቱም ብያኔውም አብረው ይረሳሉ። ኋላ ፊዚክስ ላይ ሲመጣበት እንደ ባዕድ ያየዋል። ሰው ቬክተርን የሚሸሸው ከብዶት አይደለም። ዋናው ነገር ሳይነገረው ስላለፈ ነው።

ግልጽ የሆነውን ቶሎ እንለፈው። ዕድሜ፣ ዋጋ፣ የክፍል ሙቀት በአንድ ቁጥር ተነግረው ያልቃሉ፤ እነዚህ ስኬላር ይባላሉ። ጉዞ፣ ፍጥነትና ኃይል ግን «ስንት?» ተብሎ «ወዴት?» ካልተባለ ጎዶሎ ናቸው፤ እነዚህ ቬክተር ናቸው። በወረቀት ላይ በቀስት ይሳላሉ፤ ርዝመቱ መጠኑን፣ ጫፉ አቅጣጫውን ያሳያል። በቁጥር ሲጻፉ ደግሞ (3፣ 4) ማለት 3 ወደ ምሥራቅ፣ 4 ወደ ሰሜን ማለት ሊሆን ይችላል። ርዝመቱና አቅጣጫው እስካልተለወጠ ድረስ ቀስቱን ወደ ሌላ የወረቀቱ ጥግ ብታንሸራትቱትም ያው ቬክተር ነው።

ሁለት ቬክተሮች ሲደመሩ የሁለተኛው ጭራ ከመጀመሪያው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ድምሩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚሰመረው ቀስት ነው። 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዶ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የታጠፈ ሰው እግሩ 7 ኪሎ ሜትር ቢደክምም፣ ከተነሣበት ቦታ የራቀው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንዲያውም 3 እና 4 እንደ አቅጣጫቸው ሲደመሩ ከ1 እስከ 7 ያለ ማንኛውንም መጠን ሊሰጡ ይችላሉ። በጥያቄው ላይ አቅጣጫ ተጽፎ እያለ ዐይኑን ጨፍኖ 7 ብሎ የሚመልስ ተማሪ ነጥብ ቢያጣ አላዝንለትም።

ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ቦሌ እንሂድ። የአየር ማረፊያው መንደርደሪያዎች በአንደኛው ጫፋቸው 07፣ በሌላኛው 25 የሚል ቁጥር አላቸው። ተራ ቁጥር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አቅጣጫ ነው። ከኮምፓሱ ሰሜን ተነሥቶ ሰዓት በሚዞርበት በኩል ሲቆጠር ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ማለት ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ተትታለች። እንግዲህ አንድ ፓይለት በ25 በኩል ሊያርፍ መጣ እንበል፤ ነፋሱ ከ280 ዲግሪ በ20 ኖት ፍጥነት ይነፍሳል። በመንደርደሪያውና በነፋሱ መካከል 30 ዲግሪ አለ። ፓይለቱን የሚያሳስበው 20 የሚለው ቁጥር እንዳለ አይደለም። ነፋሱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው 17 ኖት ገደማ፣ ከቀኝ ጎን የሚገፋው 10 ኖት። የፊት ለፊቱ ወዳጅ ነው፤ አውሮፕላኑ መሬቱን ቀስ ብሎ እንዲነካ ይረዳዋል። አደጋ ያለው በጎኑ ነፋስ ነው፤ አውሮፕላኖችም ከዚህ በላይ አይሆንም የሚባል የጎን ነፋስ ገደብ አላቸው።

ይህን ምሳሌ ለማስጠናቸው ልጆች ስሰጥ የማላጣው ጥያቄ አለ፦ «17 እና 10 እኮ 27 ነው፤ ትርፉ 7 ኖት ከየት መጣ?» ከየትም አልመጣም። ሁለቱ ክፋዮች በቀጥተኛ ማዕዘን የቆሙ ስለሆኑ የሚደመረው ስኩዌራቸው ነው፤ 300 (17 የተጠጋጋ ነውና) እና 100 ተደምሮ 400፣ የዚያ ስኩዌር ሩት 20። ነፋሱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልግባ። «ቬክተር ማለት መጠንና አቅጣጫ ያለው ነገር ነው» የሚለው ብያኔ ስንትና ስንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፏል! ውሸት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሲሸመደድ ያስታል።

የኤሌክትሪክ ከረንትን ውሰዱ። መጠን አለው፣ በአምፔር ይለካል። አቅጣጫም አለው፤ ከባትሪው በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል። በብያኔው ከሄድን ቬክተር መሆን ነበረበት። ግን አይደለም። 3 አምፔር የተሸከመ ሽቦና 4 አምፔር የተሸከመ ሽቦ አንድ መጋጠሚያ ላይ ሲገናኙ በሦስተኛው ሽቦ የሚወጣው 7 አምፔር ነው። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ቢመጡ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን ቢገናኙ፣ ፊት ለፊት ቢገጣጠሙ ለውጥ የለውም። በአንጻሩ 3 ኒውተንና 4 ኒውተን የሆኑ ሁለት ኃይሎች አንድን ዕቃ በቀጥተኛ ማዕዘን ቢጎትቱት የሚያርፍበት ኃይል 5 ኒውተን ነው። ቤቴ መስመር ሊዘረጋ ለመጣ ኤሌክትሪሽያን ይህን በአድናቆት ብነግረው ገርሞት አየኝ፦ «ጋሼ፣ ሽቦው ቢጣመም ከረንቱ ምን ገዶት!» ፊዚክሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው።

ሁለተኛውን ማስረጃ በእጃችሁ ሞክሩት፤ ካላያችሁት አታምኑምና። አንድ መጽሐፍ ልታነብቡት እንደተዘጋጃችሁ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፤ ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ከእናንተ የራቀውን ጠርዝ ብድግ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሽፋኑ እናንተን ያያል። ቀጥሎ እንደቆመ፣ ከላይ ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት በኩል ሩብ ዙር አዙሩት። መጽሐፉ በግርጌው እንደቆመ ሽፋኑ ወደ ግራችሁ ዞሯል። አሁን እንደገና አስተኙትና ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፤ መጀመሪያ እንደተኛ በዚያው በኩል ሩብ ዙር አዙሩት፣ ከዚያ የራቀውን ጠርዝ ብድግ አድርጉ። በዚህኛው መጽሐፉ የቆመው በሚገለጥበት ጎኑ ነው፤ የተጠረዘበት ጎን ወደ ላይ ሆኗል፤ ሽፋኑም እናንተን ያያል። ሁለቱም መዞሮች መጠን አላቸው፣ 90 ዲግሪ። ሁለቱም አቅጣጫ አላቸው፣ የሚዞሩበት ዘንግ። ሆኖም የትኛው እንደቀደመ ውጤቱን ይለውጠዋል። ቬክተር ደግሞ በቅደም ተከተል አይጣላም፤ ወደ ምሥራቅ ቀድማችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ፣ ወደ ሰሜን ቀድማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ መድረሻው አንድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትልቅ መዞር ቬክተር አይደለም።

እንግዲህ ቬክተርን ቬክተር የሚያሰኘው አደማመሩ ነው። ቀስቱ መሳያ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት ሊቃውንቱም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ቬክተርና ስኬላር የሚሉትን መጠሪያዎች ለዚህ ሒሳብ የሰጠው አየርላንዳዊው ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ደብሊን ውስጥ በቦይ ዳር ሲሄድ ኳተርኒየን የተባሉት ቁጥሮች ተገለጡለትና ቀመራቸውን እዚያው ድልድይ ላይ ቀረጸው። ይህ ታሪክ በየቦታው ይነገራል። እኔ የማዳላው ግን ለሄርማን ግራስማን ነው። የሽቴቲን ከተማ መምህር የነበረው ይህ ሰው በ1844 ያሳተመው መጽሐፍ በሁለትና በሦስት አቅጣጫ ሳይወሰን በፈለጉት ብዛት የሚሠራ ስሌት ይዞ ነበር፤ አንባቢ ግን አላገኘም፤ ያልተሸጠው ቅጂ ወደ ወረቀት መፍጫ ገባ። ግራስማንም ፊቱን ወደ ሳንስክሪት አዙሮ ለጥንታዊው የሕንድ መጽሐፍ ለሪግቬዳ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። በ1888 ጣሊያናዊው ጁዜፔ ፔያኖ የግራስማንን ሐሳብ አንሥቶ እንዲህ ያሉ ነገሮች እንዴት እንደሚደመሩና በቁጥር እንደሚባዙ ሕጉን ዘርዝሮ ጻፈ። እዚያ ሕግ ውስጥ ቀስት የለም።

ቀስቱ መቅረቱ ዛሬ ጠቅሞናል። ኮምፒውተር አንድን ቃል ወይም አንድን ፎቶ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቁጥሮች ዝርዝር ሲወክል ያ ዝርዝር ቬክተር ነው። መቶ አቅጣጫ ያለው ቀስት መሳል የሚችል የለም፤ መደመሩ ግን በወረቀት ላይ ካለው (3፣ 4) አይለይም፤ የመጀመሪያው ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ እስከ መጨረሻው።

ቬክተርን ስለማባዛት ምንም አላልኩም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለመምህራን ግን አንድ አቤቱታ አለኝ፦ ብያኔውን ከማስሸምደዳችሁ በፊት መጽሐፉን አስዙሯቸው፣ ስለ ሽቦዎቹም ጠይቋቸው። ለጀማሪውም የምለው ይኸው ነው። መጠንና አቅጣጫ ያለው አዲስ ነገር ሲያጋጥማችሁ ቀስት ለመሳል አትቸኩሉ፤ ሁለቱን አምጡና ደምሯቸው። ጫፍና ጭራ አገናኝቶ የሚገኘውን ድምር ከሰጡ፣ ቅደም ተከተላቸው ሲገለበጥም ውጤቱ ካልተለወጠ፣ ያኔ ቀስታችሁን ሳሉ።