ውሻ በተዘጋ መኪና ውስጥ
ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የተዘጋ መኪና አየር ሲሞቅና በትንፋሹ ሲረጥብ ግን ማለክለኩ ፋይዳ እያጣ ይሄዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጣዊ ሙቀት በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል፤ ከጭማሪውም አራት አምስተኛው የሚታየው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መተው፣ ብዙዎቻችን የምንጽናናበት ዘዴ፣ ይህን አልቀነሰውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነፋሻ አየር ሊያዘናጋን አይገባም፤ ውጪው 22 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ወደ 44 ሊደርስ ይችላል። ምራቁ የሚዝረከረክና የሚንገዳገድ ውሻ ካጋጠማችሁ ጥላ ሥር አውጡት፤ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሳችሁበትና እያራገባችሁት ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም አድርሱት።