ከቦሌ ወደ ጁባ፦ የአየር ግፊት ለውጥና የነርቭ ሕመሞች

በማንጋቴንም ሆነ በሌሎቹ የጁባ ሰፈሮች ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ሲመላለሱ የሚያልፉበት የአየር ግፊት ለውጥ በጤና መጻሕፍት ከሚሰጠው የተለመደ ምሳሌ ይለያል። ምሳሌው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ባሕር ጠረፍ ለሚያርፍ መንገደኛ ሲሆን፣ የጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል በላይ 460 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አውሮፕላን 10,000 ሜትር ሲደርስ የውጪው አየር ለመተንፈስ የማይበቃ ስስ ስለሚሆን የተሳፋሪዎቹ ክፍል፣ ማለትም ካቢኑ፣ በታመቀ አየር ይሞላል። ያም ሆኖ ግፊቱ የባሕር ወለሉን አያህልም፤ ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ቦይንግ 787ን በመሰሉት ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ ካለው ግፊት ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል። በመሆኑም በ787 ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው፣ በግፊት ሲለካ፣ ቦሌ ቆሞ ከሚጠብቀው ዘመዱ ዝቅ ብሎ ሊጓዝ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ቦሌ በሚደረገው ቁልቁለት ጆሮ ብዙም አይጨነቅም፤ ፈተናው በመልሱ ጉዞ፣ አውሮፕላኑ ወደ ነጭ ዓባይ ሜዳ ሲወርድ ይመጣል። በዚያ ቁልቁለት የካቢኑ ግፊት ከ570 ወደ 720 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ስለሚል፣ ቦሌ ላይ ግማሹ ተጠጥቶ የተከደነ ሃይላንድ ጁባ ሲደርስ ጎኑ ተጨፍልቆ ይገኛል። በፊት አጥንት ውስጥ የሚገኙትና ሳይነስ የሚባሉት የአየር ክፍተቶችም በጉንፋን ከተደፈኑ እንዲሁ ባዶነት ይፈጠርባቸዋል፤ ነገር ግን አጥንት ስለማይጨፈለቅ፣ የሚሳበውና የሚያብጠው አጥንቱን ከውስጥ ያለበሰው ስስ ሽፋን ነው። የዚህን ሽፋን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው የፊት ስሜት ነርቭ ሲሆን፣ የበረራ ራስ ምታት በዋነኛነት ከዚህ እንደሚነሣ ይታመናል።

ይህ ሕመም በዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ምደባ ውስጥ ራሱን የቻለ ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መለያውም ግልጽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑ ሲወርድ ይጀምራል፣ በአንድ ወገን ዓይንና ግንባር አካባቢ እንደ ጩቤ ይወጋል፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይተዋል። ከዚህ ያለፈ፣ በተለይም ትኩሳትና የአንገት መገተር የተጨመረበት ራስ ምታት በበረራው ሊሳበብ አይገባም፤ ደቡብ ሱዳን ወባ የሚበዛበትና በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ የሚገኝ አገር ነውና ምርመራው ለነገ አይባልም።

በጆሮ በኩል የሚመጣው ችግር ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። መካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ዩስታኪያን ቱቦ ሰው ምራቁን በዋጠ ቁጥር ይከፈታል፤ በቁልቁለት ጊዜ በመካከለኛው ጆሮና በካቢኑ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ እስኪሆን ሳይከፈት ከቆየ ግን የቱቦው ጡንቻዎች ሊከፍቱት ያቅታቸዋል። ከላይ የተገለጸው የቦሌና የጁባ ልዩነት 150 ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ በጉንፋን ወቅት ታምቡር ለምን እንደሚታመም ለመገመት አያስቸግርም። የሁለቱ ጆሮዎች ግፊት እኩል ካልተስተካከለ ድንገተኛ ማዞር ሊከተል ይችላል። ከጁባ ሽቅብ በሚበረርበት ጊዜ ደግሞ፣ አልፎ አልፎ፣ በመካከለኛው ጆሮ ታፍኖ የሰፋው አየር በዚያ የሚያልፈውን የፊት ጡንቻዎች ነርቭ ተጭኖ ግማሽ ፊትን ያዘነብላል። ነርቩ የሚያልፍበት የአጥንት ቦይ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከተፈጥሮ ክፍት በመሆኑ ጫናው በቀላሉ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው መዝመም በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይስተካከላል፤ ሆኖም ነፋስ መታው ብሎ ማለፍም ሆነ ግፊት ነው ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ክንድ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ በስትሮክ ሕክምና እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ጭንቅላቱ ላይ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕመምተኛ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የቀረ አየር ከጁባ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ሲወጣ በሩብ ያህል ይሰፋል፤ የራስ ቅል ደግሞ ስለማይለጠጥ ጫናው በአንጎል ላይ ያርፋል። በዚህም ምክንያት ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየትና የቀዶ ሐኪሙን ፈቃድ ማግኘት የተለመደ ምክር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት መንገደኛም ከኦክስጅን መቀነሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በጉዞ ግርግር የተረሳው መድኃኒትና ያልተኛው እንቅልፍ ነው።

ጉንፋን የያዘው ሰው በረራውን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ቢችል ይመረጣል፤ ካልቻለ ግን የአፍንጫ መጨናነቅን የሚቀንስ ጠብታ ከቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ማድረግ፣ በቁልቁለቱ ጊዜ አለመተኛት፣ ማስቲካ ማኘክና መዋጥ ይረዱታል፤ ሕፃን ደግሞ በዚያ ሰዓት ጡት ቢጠባ ጆሮው ይከፈታል። አፍንጫን ይዞ አፍን ዘግቶ መንፋትም የሚጠቅመው ገና ቁልቁለቱ ሲጀመር፣ በቀስታና ደጋግሞ ሲደረግ ነው፤ ቱቦው ከተቆለፈ በኋላ በኃይል መንፋት የውስጥ ጆሮን ስስ ሽፋን ቀዶ የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ ይችላል።