ሚኒሞ

ከጦር ኃይሎች ወደ 18 ማዞሪያ የሚወስደው መንገድ ጠዋት ሲጨናነቅ፣ አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው ሁለት እግር አይበቃውም። ግራው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ቀኙ ፍሬንም ነዳጅ መስጫም ልርገጥ እያለ ይጨነቃል፤ ነዳጅ መስጫውን ከለቀቀ መኪናዋ ትጠፋለችና። ባለፈው ክረምት ዲኤክሷ መኪናዬ ይህንኑ አደረገችኝ። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ሦስት አራቴ ተንፈራግጣ ዝም ትላለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይነፋል፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ንዳው እንጂ!» ይላል።

የጋራዥ ሰው ይህን ሲሰማ «ሚኒሞ አልይዝ አለች» ይላል። ሚኒሞ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትንሹ፣ ዝቅተኛው ማለት ነው። ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ጓርኒሲዮንና ካቻቢቴ በመጡበት መንገድ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ሞተሩ ሸክም ሳይኖርበት፣ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ላለመጥፋት ያህል ብቻ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። በአሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ላይ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ገደማ ይሆናል። በ800 ዙር እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ አራቱ ሲደመሩ 1,600 ጊዜ ማለት ነው። መኪናዋ እየሮጠች ከዚህ ጥቂቱ ቢከሽፍ የሞተሩ ጉልበት ይሸፍነዋል። ሚኒሞ ላይ ግን ትርፍ ጉልበት የለም። የላላ ሽቦም ሆነ የደረቀ የጎማ ቱቦ፣ የደከመ ካንዴላም ሆነ የተበላ ቫልቭ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚህ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን የሚኒሞ ብሎን አጠበቁት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መጥፋቷን ተወች፤ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆማ የምትጮህ፣ ማርሽ ስትገባ የምትወነጨፍ፣ ቤንዚን እንደ ውኃ የምትጠጣ መኪና ነዳሁ። ብሎን ማጥበቅ የሕመሙን ድምፅ ቀይሮ መመለስ ነው። ስንቱ ሰው ለዚህ እየከፈለ እንደሚሄድ ሳስብ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው መካኒክ ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ይሠራል። ኮፈኑን ከፈተና ምንም ሳይነካ ቆመ። «መቼ መቼ ነው የምትጠፋው? ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላም?» አለኝ። ሁልጊዜም፣ ነዳጅ ካልሰጠኋት በቀር፣ አልኩት። «እስቲ ያጥፏት ጋሼ። አሁን ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያዙሩልኝ።» ጆሮውን ወደ ካርቡሬተሩ አስጠጋ። አዞርኩ። «ይመልሱትና ይድገሙት።» ደገምኩ። «ጠቅ የሚል ድምፅ መስማት ነበረብን» አለ። «የለም።»

ካርቡሬተሩ ጎን ላይ አውራ ጣት የምታክል፣ በኤሌክትሪክ የምትከፈት ቫልቭ አለች። ቁልፉ ሲዞር ውስጧ ያለችው መርፌ ወደ ኋላ ተስባ ለሚኒሞ ብቻ የሚሄደውን የቤንዚን መስመር ትከፍታለች። ቁልፉ ሲዘጋ መልሳ ትዘጋዋለች፤ ይህም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መንደቅደቁን እንዳይቀጥል ነው። ሽቦዋ ከላላ ሚኒሞው ቤንዚን ያጣል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ዋናው መስመር ስለሚሠራ መኪናዋ ደህና ትሄዳለች። የእኔ መኪና ምልክት ቃል በቃል ይህ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አልጠየቁኝም እንጂ። መካኒኩ ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ ሄደና ጫፉ ላይ ያለችውን መሰኪያ አረንጓዴ ዝገት ለብሳ፣ ልትወልቅ ጥቂት ቀርቷት አገኛት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጎ ሰካት። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለች።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። ከሽቦ ቀጥሎ የሚጠረጠረው በስርቆት የሚገባ አየር ነው። ካርቡሬተር ቤንዚን የሚሰጠው በውስጡ በሚያልፈው አየር ልክ ነው። ከእሱ በታች ከተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ከደረቀ ጓርኒሲዮን ሌላ አየር ከገባ የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ ይሳሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ጸጥ ባለ ቦታ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መካኒኩ ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ አንዱ ሲቆነጠጥ ድምፁ ከተስተካከለ ቀዳዳው ከዚያ ወዲያ ነው። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራሙ ቱቦ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዛሬ ነገ አይባልም፤ የፍሬኑም እርግጫ ይደነድናል። መገጣጠሚያዎቹን ለመፈተሽ ውኃ መርጨት ይበቃል፤ ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በውኃ ፈንታ ቤንዚን የሚያንጠባጥቡ አይቻለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ይህ እሳት መጥራት ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

አየሩ ደህና ከሆነ ተራው የካንዴላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦዎቹ እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ በየተራ ይነቀላሉ። አንዱ ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ለውጥ ካልታየ መጀመሪያውኑም አይሠራም ነበር። ከዚያ ካንዴላው ወጥቶ ጫፉ ይታያል። ፈዛዛ ቡናማ ጤና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አየር በዝቷል። ዘይት ከነካው ነገሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ ካርቡሬተር ላይ መድከም ገንዘብ መጨረስ ነው።

ኮልፌ ላይ ካንዴላ ጠቆር ብሎ ሲወጣ ግን ለመፍረድ አልቸኩልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሰሜን ከፍ የሚለው የኮልፌ ክፍል ከዚያም ይልቃል። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካች የቤንዚን ቀዳዳ ለእኛ ስስ አየር ትበዛለች፤ ስለዚህ የድብልቁ ብሎን በፋብሪካው ልክ ሳይሆን በጆሮ፣ እዚሁ መስተካከል አለበት። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው የቫኪዩም መለኪያ ነው። የጥገና መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ። ነገር ግን በየ1,000 ጫማ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ጤነኛ ሞተር ከ9 እስከ 13 ገደማ ብቻ ቢያሳይ ልክ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አስከፍቶ ደህና ቫልቭ ሊያስቀይር ይችላል። ወደ አዋሽ የወረደም ሰው ይህን ያየዋል፦ ከተማዋ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይወፍራል፣ እዚህ ተስተካክሎ የወጣው ድብልቅ እዚያ ይሳሳል፣ ሚኒሞው ይለወጣል። እዚያ ብሎን የነካካ ሰው አዲስ አበባ ሲመለስ እንደገና መነካካቱ ነው።

እንደ ቪትዝ ያሉት በኮምፒውተር የሚሠሩ መኪኖች ከፍታውን በሴንሰር እያወቁ ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየር ማስገቢያው በር ላይ የተጋገረ ጥቁር ቆሻሻ ነው፤ በማጽጃ ይታጠባል።

አሮጌዋን መኪና በሌላ መቀየርም ከብዷል፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ መታ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ ያለን ያለው ነው። ዲኤክስን ሚኒሞ ላይ አዳምጦ ሕመሟን የሚያውቅ መካኒክ ለብዙ ቤተሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል።

መሰኪያዋ ቦታዋ ከገባች በኋላ ሞተሩን ሳስነሳው ግቢው በጩኸት ተሞላ። ሚኒሞው ቤንዚኑን አግኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ያጠበቁትም ብሎን እዚያው ነው። መካኒኩ አልቸኮለም፤ የሙቀት መርፌው ከፍ ብሎ ቦታው እስኪደርስ ጠበቀ። ከዚያ ረዳቱ ልጅ ካቻቢቴ አቀበለውና ብሎኑን ሩብ ሩብ እያደረገ መለሰው፤ በየመሐሉ ቆሞ ያዳምጣል። ጩኸቱ ወረደ፣ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ተረጋጋ። ሌላኛዋን፣ የድብልቁን ብሎን፣ ወዲህና ወዲያ አድርጎ ሞተሩ በጣም የለሰለሰበት ቦታ ላይ ተዋት። መዳፉን መከላከያው ላይ አሳርፎ ንዝረቱን ለካ።

«አሁን እግርዎን ያንሱ ጋሼ» አለኝ።

አነሳሁ። አልጠፋችም።